ውሃው ሲሸሽ፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳር ወፍ የሚታይባቸው ቦታዎች



ወፍ ማየት የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልሂድ?» ብሎ ነው። ለጣና ዳር ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ «ውሃው አሁን የት ደርሷል?» የሚል። በኅዳር በወፍ የሚጨናነቀው ረግረግ በመስከረም ሐይቁ ውስጥ ነበር፤ በግንቦት ደግሞ ከብት ይግጥበታል። ስሙ ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው፤ ወፉ ግን የለም። ብዙ ጎብኚ በካርታ የተጻፈ ስም ይዞ ሄዶ ባዶ ሜዳ አይቶ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የሐይቁን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቅ የተባለው ስፍራ ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በተለይ በፎገራና በደንቢያ በኩል ዳርቻው ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ፣ ውሃው አንድ ሜትር ዝቅ ሲል ዳርቻው ብዙ ርቀት ይሸሻል። ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሐይቁ ግን የሚሞላው ዘግይቶ፣ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡት ሁሉ ከተጠራቀመ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። ከዚያ እስከ ሰኔ ድረስ ይቀንሳል። ገበሬው ውሃው የለቀቀውን እርጥብ መሬት እየተከተለ ይዘራል፤ ውሃ ሸሽ እርሻ የምንለው ይኸው ነው። ወፎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጭቃው ሲገለጥ ትሉ፣ ቀንድ አውጣውና ሥራሥሩ ይገለጣል፤ ረጅም እግርና ረጅም ምንቃር ያለው ሁሉ በዚያ መሥመር ላይ ይሰለፋል።

ዛሬ ይህን የውሃ ልክ ዝናብ ብቻ አይወስነውም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው የጨረጨራ ግድብ ከሐይቁ ወደ አባይ የሚወጣውን ውሃ ይቆጣጠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው ባለ 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ደግሞ ከሐይቁ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ውሃ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ ከወትሮው እጅግ ወርዶ የጀልባ ጉዞ ሲስተጓጎልና ሰው የሐይቁን ወለል ሲያርስ ያየ ነዋሪ በዚህ አዳራሽ እንደሚኖር አልጠራጠርም።

ወደ ቦታዎቹ ልለፍ። ከከተማው ልጀምር፤ ባሕር ዳር ወፍ ለማየት ከከተማ መውጣት የማያስፈልግባት ከተማ ናትና። አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ስፍራ፣ ደብረ ማርያም ደሴት ፊት ለፊት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ሌላ ቦታ አያስመኝም። ውሃው ከሐይቅ ወደ ወንዝ ሲለወጥ ዓሣው በጠባብ መውጫ ይሰበሰባል፤ ንስሩም ከሾላ ጫፍ ሆኖ ይጠብቀዋል። ነጭና ጥቁሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ በአንድ ቦታ ቆሞ፣ ዒላማውን አስተካክሎ ቁልቁል ይወረወራል። ትንሹ ሰማያዊ ዘመዱ ከደንገል ዘንግ ላይ ሆኖ ያጠምዳል። ደንገሉ ሥር የሚንሳፈፈው ቅጠል ላይ በረጃጅም ጣቶቹ የሚራመደውን ጃካና የተባለ ወፍ ካያችሁ ቆም በሉ። በዚህ ወፍ ቤት እንቁላል የሚታቀፈው አባት ነው፤ ጫጩቶቹንም አደጋ ሲመጣ ከክንፉ ሥር ሸጉጦ ይሸሻል። እናት ሌላ ባል ፍለጋ ላይ ናት።

ፔሊካን ለማየት የምትቸኩሉ ዓሣ አስጋሪዎች ምርታቸውን ወደሚያወርዱበት ዳርቻ ሂዱ። አንጀቱና ጭንቅላቱ ወደ ውሃ ሲጣል ፔሊካኑ ከሰው እግር ሥር ይመጣል። ንጹሕ ተፈጥሮ ካልሆነ አላይም ለሚል ሰው ይህ አይጥመው ይሆናል፤ እኔ ግን ወፍንና ሰውን በአንድ ዓይን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ ከቤተ መንግሥቱ ግርጌ፣ አባይን ቁልቁል ማየትም መልካም ነው፤ ፀሐይ ስትሞቅ አሞራና ጭልፊት በሙቅ አየር እየተሽከረከሩ ከዓይናችሁ ትይዩ ያልፋሉ። ጢስ አባይ ድረስ የሚሄድ ሰው ለፏፏቴው ቢሄድ ይሻላል፤ ወፉ ምርቃት ይሁንለት።

ከከተማው በስተምዕራብ፣ ወደ ዘጌ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ኢንፍራንዝና ይጋንዳ አሉ። ሽመልስ አይናለምና ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ የእነዚህን ሁለት ረግረጎች አእዋፍ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል፤ በኋላም የጣና አካባቢን ወፎች በፎቶ የሚያሳይ መመሪያ አዘጋጅተዋል። የባሕር ዳር አስጎብኚ ሁሉ በቦርሳው ይዞት ቢዞር እወድ ነበር። በይጋንዳና ግልገል አባይ ሐይቁን በሚገናኝበት በጭምባ ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን ይኖራል። ይህ ወፍ እንግዳ አይደለም፤ ክረምት ላይ በረግረጉ ሣር ውስጥ ጎጆ ሠርቶ የሚፈለፍል የአገር ልጅ ነው። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብሎ ተመዝግቧል። የሚያጠፋው የጠመንጃ ጥይት ሳይሆን በእንቁላሉ ሰሞን የሚታጨደው ሣርና የሚገባው ከብት ነው። ስለዚህ በክረምት ለማየት የሚሄድ ሰው ከመንገዱ ዳር ሆኖ ይይ፤ ሣሩ ውስጥ አይግባ።

ዘጌ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ የውሃው ልክ አይነካውም። በአባቶች ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም ባረኩት በሚባለው በዚያ ምድር ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ሆኖ ኖሯል፤ ነዋሪው የሚተዳደረው በጫካው ጥላ ሥር በሚያድገው ቡናና በጌሾ ነው። ቡናው ጥላ ስለሚፈልግ ትልልቁ ዛፍ ቆመ፤ ትልልቁ ዛፍ ስለቆመም ውስጡ ክፍት የሆነ ግንድ የሚፈልጉ ወፎች ቀሩ። ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጡ ከላይ እንደ ማራገቢያ የሚንፏፏ የክንፍ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ምንቃሩ ላይ ትልቅ ቀንድማ ቆብ የጫነው ጥቁር ወፍ ነው። ሴቲቱ ለመፈልፈል ስትዘጋጅ ግንዱ ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ወንዱ በቀረችው ቀጭን ቀዳዳ ፍሬ እያቀበለ ይመግባታል። ጉንጨ ነጩ ቱራኮም እዚያው አለ፤ ሲቀመጥ አረንጓዴ ነው፣ ሲበር ክንፉ ደም የነከረው ይመስላል። ጥቁር ክንፏን ትንሽ በቀቀን ደግሞ ኢትዮጵያና ኤርትራ ካልሆነ በቀር የትም አታገኟትም። ጎብኚ ገዳሙን ለማየት በዚህ መንገድ እየሮጠ ያልፋል። አስጎብኚዎቻችን መውጫውን በእጥፍ ሰዓት ቢያስኬዱት ምንም አይጎድልባቸውም።

ገዳሙን አይቶ ወፉን ማለፍ የጎብኚ ብቻ ስላልሆነ፣ እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስታውስ። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ አባይ ባሳተመው መጽሐፍ በአገራችን ይታወቃል፤ የሚጠቀሰውም ስለ ደሴቶቹና ስለ ገዳማቱ ነው። ሰውየው ግን ከመነሻው የወፍ አዋቂ ነበር። እኛ ከሥራው ግማሹን ብቻ ማንበባችን ይገርመኛል።

የመጨረሻው ቦታ ፎገራ ነው፤ ብዙ የምለውም ስለ እርሱ ነው። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች ርብና ጉማራ በክረምት ሲያጥለቀልቁ የሚሞሉ ናቸው። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ ግራጫው ክሬን ከሰሜን አውሮፓ በሺዎች ሆኖ ይመጣል። ቀን ቀን በታጨደው ማሳ የወደቀ እህልና ሽምብራ ይለቅማል። ሌሊት ግን ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ቅልጥሙን ብቻ በሚሸፍን ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ጅብና ቀበሮ በውሃው ውስጥ ሲመጡ ድምፃቸው ስለሚሰማው ነው። እንግዲህ ለዚህ ወፍ ማሳም ያስፈልገዋል፣ ማደሪያ ውሃም ያስፈልገዋል፤ አንዱ ከጎደለ አይቆይም። ፎገራ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ኖሯል። አሁን ግን ሩዝ በመስፋፋቱና በሞተር ፓምፕ ውሃው ለበጋ መስኖ በመቀዳቱ ማደሪያው ከወፉ መሄጃ ጊዜ ቀድሞ ይደርቃል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የታየው እምቦጭ ደግሞ ክፍቱን ውሃ ይሸፍናል። ጃካና በእምቦጭ ላይ ይራመድበታል፤ ክሬን ግን ሊቆምበት አይችልም።

ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። ሩዙ የፎገራን ቤት ቀይሯል፤ ክሬኑም ሽምብራውን ሲለቅምበት ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም። ግን ከተማው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ያጨበጨብን ሁላችን፣ ለዚያ ማደሪያ ውሃ ጥቂት ሄክታር እስከ የካቲት ሳይቀዳ እንዲቆይ ከገበሬው ጋር በዋጋ መስማማት አይከብደንም። ስምምነቱ ክፍያ ያለው መሆን አለበት፤ ምክር ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው አይሰማም።

ወደ ፎገራ የምትሄዱ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ወፉ ወደ ማደሪያው የሚመለሰው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ትናንት የት እንዳደረ የሚያውቀው ከብት ጠባቂው ልጅ ነው፤ እርሱን ጠይቁ፣ ለመራበትም ክፈሉት። ማሳ ሳታስፈቅዱ አትርገጡ።

የጀልባ ማኅበራቱን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። የሐይቁ የውሃ ልክ በየጊዜው ይለካል፤ ቁጥሩ ግን ከሚለካው መሥሪያ ቤት ፋይል አይወጣም። ከመሥሪያ ቤቱ ተቀብላችሁ በየሳምንቱ በወደቡ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። ያኔ ለጎብኚው የትኛው ረግረግ በዚህ ሳምንት እንደተከፈተ መንገር ትችላላችሁ። የውጭ ጎብኚ ባነሰበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ሰሌዳውን መጀመሪያ የሚያነበው የባሕር ዳር ሰው ይሁን።