ሥራው ሳያልቅ ሲመሽ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር በየቤታችን ያለ ነው፤ ይኸውም ሥራው ብዙ፣ ቀኑ ግን አጭር መሆኑ ነው። ገበሬው እርሻው፣ ነጋዴው ገበያው፣ ተማሪው ትምህርቱ ሳያልቅለት ይመሽበታል። ቀድሞ ጨለማው ራሱ ሰውን ከሥራ ያሳርፈው ነበር፤ ዛሬ ግን መብራቱና ስልኩ ሌሊቱን ቀን አድርገውታል። ስለዚህም ብዙ ሰው ከማዕድ ተቀምጦ ሳለ ልቡ ከሥራው አይመለስም፤ ጥቂት ቢያርፍም እንደ በደለኛ ራሱን ይወቅሳል።

ነገሩን በአዊ ምድር በሚበቅል ዛፍ እንመልከተው። በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ፣ ይልቁንም በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቈርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ተጭኖ ይሸጣል። ገበሬው ሌሊቱን ሁሉ ቢተጋ እንኳ የአምስት ዓመቱን እድገት የሁለት ዓመት ሊያደርገው አይችልም። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ በዛፉ ላይ በሽታ ገብቶ ብዙ ተክል ደረቀ። ይህ የሆነው ገበሬው ስለ ሰነፈ ነውን? አይደለም። መትከልና መኰትኰት የሰው ነው፤ ዘመንና ፍሬ ግን ከሰው እጅ በላይ ነው። ዛፉ የደረቀበት ሰው በጎረቤቱም ሆነ በፈጣሪው ፊት ያነሰ ሰው አይደለም።

እስራኤል በምድረ በዳ መናን ሲለቅሙ ለየዕለቱ የሚበቃቸውን ብቻ እንዲወስዱ ታዘዙ፤ ከትእዛዙ ወጥተው ያሳደሩትም ተላ። በስድስተኛው ቀን ግን የሁለት ቀን ስለ ተሰጣቸው በሰባተኛው ዐረፉ። በሀገራችንም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1442 ዓ.ም. ገደማ፣ በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰቡት አባቶች ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ወሰኑ። አባቶች ስለ ዕረፍት ጉባኤ መቀመጣቸው የነገሩን ክብር ያስረዳናል።

ይህን ስንል ስንፍናን ማመስገናችን አይደለም፤ ልጆቹን ለማብላት ሲሮጥ የሚመሽበትንም ድኻ አንወቅስም። የዕረፍት ሕግ ግን ለባለቤቱ ብቻ አልተሰጠም፤ ለአገልጋዩም፣ ለመጻተኛውም፣ ለከብቱም ነው። እንግዲህ ሠራተኛ ያለን ሁሉ እርሱን አሳርፈን እንረፍ። የአዊ ፈረሰኛ የፈረሱ ትንፋሽ ሲበዛ አይቶ ልጓሙን ይይዛል፤ ለፈረስ የምንራራውን ያህል ለሰው፣ ለራሳችንም ነፍስ፣ እንዴት አንራራም?

ንጉሥ ዳዊት ቤተ መቅደስ ሊሠራ ወደደ፤ አልተፈቀደለትም። እርሱ ግን አልተማረረም፤ ዝግባውንና ድንጋዩን፣ ወርቁንና ብሩን አሰናድቶ ለልጁ ለሰሎሞን አስረከበ። እኛም የጀመርነውን ሁሉ ለመፈጸም ዕድሜ አልተሰጠንም፤ የተሰጠን አሰናድቶ ማስረከብ ነው።

ስለዚህ በመሸ ጊዜ ስለ ተሠራው እናመስግን፤ የቀረውን ለነገ፣ ነገ ባይሆንልንም ለሚተካን እናቈየው። ሥራው ባያልቅም ቀኑ አልቋል፤ ቀኑን የሰጠን ጌታ ግን አላለቀም።

የሰላም አምላክ እግዚአብሔር ለሁላችን የልብ ዕረፍትን ይስጠን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።