ሰውነታችን የሚይዘው መዝገብ
(በማህበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሙያዬ ሒሳብ ነው። ስለ ጤና እንድናገር ያነሳሳኝም ይኸው ሙያዬ ነው። ከሳጥናችን ለድንገተኛ ብድር ገንዘብ ሲወጣ፣ በምክንያትነት ደጋግሞ የሚጻፈው «ልጅ ታሞብኝ» የሚለው ነው። ልጅን ከበሽታ የሚጠብቀው የሰውነት ኃይል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለቁጠባችንም ይጠቅማል ብዬ አነበብኩ። የገባኝን ላካፍላችሁ።

ሰውነት በመጀመሪያ የሚከላከለው በአጥሩ ነው። ቆዳ ተህዋስያን እንዳይገቡ ይዘጋል። እንባ ዓይንን ያጥባል፤ ንፍጥ አቧራውንና ጀርሙን ይይዛል፤ የጨጓራ አሲድ ከምግብ ጋር የገባውን አብዛኛውን ይገድላል። አጥሩን ጥሶ የገባ ካለ ነጭ የደም ሕዋሳት ደርሰው ይውጡታል። ቁስል ሲቀላና ሲያብጥ የምናየው ይህንን ሥራ ነው። መግል ውስጥም በብዛት ያሉት በውጊያው የሞቱ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው።

እነዚህ ሁለቱ የመጣውን ሁሉ በአንድ መንገድ ይቀበላሉ። ሦስተኛው መከላከያ ግን ጠላቱን ለይቶ ያውቃል፤ ለዚያ ተህዋስ ብቻ የሚሆን ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጋጥመው ይህን ለማድረግ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል። አደጋውም ያለው በዚህ መሀል ነው። ከዳነ በኋላ አንዳንድ ሕዋሳት የጠላቱን መልክ ይዘው ለዓመታት ይቆያሉ፤ ሲመለስም በፍጥነት ይነሱበታል። ሰውነት መዝገብ ይይዛል ማለት ነው።

ክትባት በሽታው ሳይመጣ በዚህ መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። ቃሉም ይህንኑ ይናገራል፤ «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ነውና። የተዳከመ ወይም የሞተ ተህዋስ፣ ወይም የእሱ ቁራጭ ይሰጠዋል፤ ሰውነትም ያጠናዋል። ውጤቱን ለማየት ፈንጣጣን ማስታወስ ይበቃል። በአገራችን የማጥፋት ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የመጨረሻዋ ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን ተገኘች። በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች ፊቱ በፈንጣጣ የተጎዳ እኩያ የለንም።

የአራስ ልጅ መዝገብ ግን ገና ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ እናቱ ታበድረዋለች፤ በማህፀን ሳለ በእንግዴ ልጅ በኩል፣ ከተወለደ በኋላ በጡቷ። በተለይ እንገሩ፣ ያ ቢጫና ወፍራም የመጀመሪያው ወተት፣ በፀረ እንግዳ አካላት የበለጸገ ነው። ጥጃ እንገር ካልጠባ እንደማይጠና ከብት ያረባ ሁሉ ያውቃል። የራሳችንን ልጅ እንገር ግን «ቆሻሻ ነው» ብለን አልበን የምንደፋ፣ በምትኩም ቅቤ የምናውጥ አሁንም አለን። ይህ ይቅርብን።

የእናት ብድር ግን ያልቃል። በማህፀን የተቀበለው በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ በ15ኛው ወር ይደገማል። ችግራችን ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የቤት ኪራይ ሲጨምር ከሰበታ ወደ ቡራዩ እንሄዳለን፤ ካርዱ በጓዝ መሀል ይጠፋል፤ ፋብሪካ የምትሠራዋም ፈቃድ አታገኝም።

ኩፍኝ ደግሞ ራሱን መዝገቡን ይፍቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ሳይከተቡ ኩፍኝ የያዛቸው ልጆች ቀድሞ ከነበሯቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆኑትን እንዳጡ አሳይቷል። ከኩፍኝ የዳነ ልጅ ከወራት በኋላ በሳንባ ምች ሲወድቅ «ዕድሉ ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ሰውነቱ የሚያውቃቸውን ጠላቶች ስለረሳ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለቁጠባ ስንሰበሰብ ደብተራችንን ይዘን እንመጣለን። ከ2 ዓመት በታች ልጅ ያላት እናት የክትባት ካርዱንም ትያዝ። ጸሐፊያችን የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከቁጠባው አጠገብ ትመዝግብ። በዚያ ቀን ጉሊት ያላትን እህት ጎረቤቷ ትተካላት። ካርድ የጠፋባትም አፍራ አትቅር፤ ሄዳ ለባለሙያው ትንገረው፤ ከቆመበት ያስቀጥላታል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር ልበል። ክትባቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ቀኑ ግን በነፃ አይደለም። በቀን ክፍያ የምትሠራ እናት ጤና ጣቢያ ከዋለች የዕለት እንጀራዋን ታጣለች። ያቺን የአንድ ቀን ገቢ የሚተካ ትንሽ ገንዘብ በሳጥናችን ብናስቀምጥ፣ በኋላ ለሕክምና ከምናወጣው ያነሰ ነው። በጊዜው ያልተጻፈ ሒሳብ ኋላ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እኛ የሒሳብ ሠራተኞች በደንብ እናውቃለን።