ሥራ ላይ ሆኖ ዲግሪ መማር፦ ዓርብ የማን ቀን ነው?

(ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴዎችና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)





የተሰጠኝ ርእስ «ቴክኖሎጂና የወጣቶች ሥራ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ አንድ ጠባብ በር መርጫለሁ። እርሱም በእንግሊዝ አገር «የዲግሪ አፕረንቲስሺፕ» የሚባለው፣ አንድ ወጣት ተቀጥሮ ደመወዝ እየተከፈለው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚይዝበት መንገድ ነው። በአማርኛ «ተለማማጅ» እንዳልለው ቃሉ ያሳስበኛል፤ «ለማጅ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መኪና መንዳት የሚማረውን ሰው ነውና። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ስም እንዳለ ልያዘው።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ስለ ሁለት ነገር ነው። በውጭ የሚኖሩ ምእመናን ስለ ልጆቻቸው ሲያማክሩን ይህ ስም ይነሣል። እኛም በየአጥቢያው የኮምፒዩተር ሥልጠና እያቋቋምን ስለሆነ፣ በዚያ አገር ከተሠራው ውስጥ የትኛው እንደሚጠቅመን መለየት ይገባናል።

አስቀድሜ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ዕቅዱ በመንግሥት የተነገረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ2015 መጸው ጀመሩ፤ በር ከፋቹም የቴክኖሎጂው ዘርፍ ነበር። ከሚያዝያ 2017 ወዲህ ደግሞ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያልፍ አሠሪዎች፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 0.5 በመቶ ለሥልጠና እንዲከፍሉ በሕግ ታዘዙ። የዩኒቨርሲቲው ክፍያ የሚሸፈነው በዚህ ገንዘብ ነው፤ ተማሪው ለትምህርቱ አይከፍልም። በመደበኛው መንገድ የሚማር የአገሩ ልጅ ግን ከ2017 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ እስከ 9,250 ፓውንድ ሲጠየቅ ቆይቷል፤ አብዛኛውም የሚከፍለው በብድር ነው። ነገር ግን ከአሠሪዎች የሚሰበሰበው የሥልጠና ገንዘብ ለደመወዝ እንዲውል አይፈቀድም። ደመወዙን አሠሪው ከራሱ ካዝና ይከፍላል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ።

ወደ ሰው ልምድ ልለፍ። ላለፉት ወራት ለንደን ከምትኖር አንዲት ወጣት ጋር በስልክ ስነጋገር ቆይቻለሁ። ወላጆቿ ከአገር ቤት የሄዱ ናቸው፤ እርሷ ያደገችው እዚያው ነው። ሁለተኛ ደረጃን እንደ ጨረሰች በ18 ዓመቷ አንድ ድርጅት ለሶፍትዌር ሥራ ቀጠራት፤ አሁን አራተኛና የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ስሟንና የድርጅቷን ስም እንዳልጠራ ስለ ጠየቀችኝ አልጠራም።

በመጀመሪያው ዓመት የከበዳት ትምህርቱ ሳይሆን ዘመድ ነበር። ሰው ሁሉ እናቷን «ምነው፣ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ አልገባላትም እንዴ?» ይላል። እናቷም መልስ ስታጣ «ገብታለች፤ ግን ትሠራለች» ትላለች፤ ይህንንም የሚያምን የለም። በእኛ ዘንድ መማርና መሥራት ሁለት የተለያዩ ዕድሜዎች ናቸው፤ ሥራ የያዘ ልጅ ትምህርት ያልሆነለት ልጅ ተደርጎ ይታያል። በእጅ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን በየአካባቢያችን ለረጅም ዘመን ሲናቁ መኖራቸውን ለምናውቅ ለእኛ፣ ይህ አመለካከት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት አይቸግርም።

ሥራው እንዴት እንደሚለመድ ጠየቅኋት። አንድ ሰው የጻፈው ፕሮግራም በቀጥታ ወደ አገልግሎት አይገባም፤ አንጋፋ ባለሙያ መስመር በመስመር አንብቦ አስተያየቱን ይጽፍበታል። በመጀመሪያው ወር 12 መስመር ጽፋ 19 አስተያየት ተመለሰላት። «ከመስመሩ አስተያየቱ በለጠ» ብላ እየሣቀች ነገረችኝ። በዚያው ሳምንት ዓርብ በዩኒቨርሲቲ የሰማችው ትምህርት ከአስተያየቶቹ የአንዱን ምክንያት ገለጠላት፤ ሰኞ ተመልሳ አስተካከለችው። የዚህ መንገድ ጥቅሙ ሁሉ በዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፦ በሥራው ላይ የተሰናከለችበትን ነገር ሳይቀዘቅዝ ትምህርት ቤት ታገኘዋለች። ለአባቶች ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ቅዳሴን ከመጽሐፍ ብቻ ተምሮ የቀደሰ ዲያቆን አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። የእንግሊዙ ደንብ አፕረንቲሱ ከዕለት ሥራው ተለይቶ የሚማርበት ጊዜ በተከፈለበት የሥራ ሰዓት ውስጥ እንዲሆን ያዝዛል። መጠኑ በመጀመሪያ ከሥራ ሰዓቱ አንድ አምስተኛ ነበር፤ ከነሐሴ 2022 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ደግሞ ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 6 ሰዓት ነበር። የዚህች ልጅ ውል ከዚያ የሰፋ ነው፤ አራት ቀን ሥራ፣ ዓርብ ዩኒቨርሲቲ።

በሦስተኛው ዓመቷ ድርጅቱ አንድ አጣዳፊ ሥራ ያዘ። አለቃዋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ይህን ዓርብ ብቻ» አላት። ቀጥሎ ሌላ ዓርብ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። እርሷም በሥራው ጎብዛ ስለ ነበር መፈለጓ ደስ አሰኝቷት ዝም አለች። ትምህርቱን በሌሊት ለመሸፈን ሞከረች፤ በአንድ የትምህርት ዓይነት ውጤቷ ወረደ። ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው መሆኑን ያዙልኝ ያልሁት ለዚህ ነው። የሚከፍል ሰው የከፈለበትን ሰዓት መፈለጉ አይቀርም፤ ተቀጣሪዋ ደግሞ የ20 ዓመት ልጅ ናት፤ ለአለቃዋ «አይሆንም» ለማለት አቅም የላትም።

ነገሩን ያዳነው ሦስተኛው ወንበር ነው። በየሦስት ወሩ ገደማ ተማሪዋ፣ አለቃዋና የዩኒቨርሲቲው ተከታታይ መምህር አብረው ይቀመጣሉ። መምህሩ የትምህርት ሰዓት መዝገቡን ሲከፍት አምስት ዓርብ ባዶ ሆኖ አገኘው። ቍጣም ክርክርም አልነበረም፤ መዝገቡን ወደ አለቃዋ አዞረና «እነዚህ ቀናት የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ተመለሰላት፤ ያለፈውንም የምታካክስበት ጊዜ ተሰጣት። ልጅቷ የነገረችኝ እንዲህ ብላ ነው፦ «እኔ ብጠይቅ ልመና ይሆን ነበር፤ እርሱ ሲጠይቅ ግን ውል ሆነ።»

ድካሙን አልሸሽግም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያገኘው ረጅም የክረምት ዕረፍት የላትም፤ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ብቻ ነው ያላት። ቅዳሜ የቤት ሥራ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከመዝሙር ጥናት ስትቀር በሰንበት ትምህርት ቤቷ «ቀዝቅዛለች» ተብሏል። በውጭ አጥቢያዎች የምታገለግሉ አባቶች ይህን ብታውቁልን መልካም ነው፤ የጥናቱን ሰዓት ወደ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማዛወር ብቻውን ብዙ ልጆችን ይመልሳል።

ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። ይህ መንገድ የተዘጋጀው በእንግሊዝ የመኖርና የመሥራት ፈቃድ ላላቸው ነው፤ በስደተኛነት እውቅና ያገኙም ሊገቡበት ይችላሉ። ከዚህ ለሚነሣ ልጅ ግን የጉዞ በር አይደለም። «በአፕረንቲስሺፕ እልክሃለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ወደ አጥቢያችሁ ቢመጣ ለወላጆች በግልጽ ንገሩ። እዚያ ላሉትም ቢሆን ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው።

እንግሊዝ ብቻም አይደለም። በጀርመን ስቱትጋርት እ.ኤ.አ. በ1974 ኩባንያዎች የተባበሩበት ተመሳሳይ ትምህርት ተጀምሮ፣ በ2009 ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል፤ ተማሪው በሦስት ሦስት ወር ገደማ በኩባንያና በትምህርት ክፍል ይፈራረቃል። የቀኑ አከፋፈል ቢለያይም ለትምህርት የተለየው ጊዜ ግን በውል የታወቀ ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ትምህርቱ ጠፍቶ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ትምህርቱን ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ያቀርባል፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም የትብብር ሥልጠና አላቸው። ሕግም አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መልመጃ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ዘመን እንዲሁም ክፍያው በውሉ እንዲገለጥ ይጠይቃል። የጎደለን ሦስተኛው ወንበር ነው። በጐበኘኋቸው አጥቢያዎች ያየሁት ልማድ እንዲህ ነው፦ ልጆቹ ሦስት ወር ይሠለጥናሉ፣ የምስክር ወረቀት በአባቶች እጅ ይሰጣቸዋል፣ ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ከዚያ በአንድ ባለሱቅ መልካም ፈቃድ ለልምምድ ይገባሉ። ከወር በኋላ ብትጠይቋቸው ሻይ ሲያመጡና ኬብል ሲጠቀልሉ ከርመዋል። ባለሱቁን አልወቅሰውም፤ ሌላ ነገር እንዲያደርግ የጠየቀው የለምና።

ስለዚህ ከዚህ ሩብ ዓመት ጀምሮ ከአጥቢያዎች የሚመጣ የኮምፒዩተር ሥልጠና ዕቅድ በቢሯችን ሲታይ፣ ከኮምፒዩተሩ ብዛት በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ልጁን በሥራው ቦታ የሚያሳየው ባለሙያ ማን ነው? ከሳምንቱ ውስጥ ለትምህርት የተለየው ሰዓት የትኛው ነው? በየሦስት ወሩ ከአሠሪው ጋር የሚቀመጠው የኮሚቴ አባልስ ማን ይባላል? ለዚህ ወንበር የኮምፒዩተር ዕውቀት ግድ አይደለም፤ መዝገብ ማንበብና ባለሱቁ የሚያከብረው ሰው መሆን ይበቃል። በየአጥቢያችሁ ካሉ ጡረታ የወጡ መምህራንና የሒሳብ ሠራተኞች አንዱን ብትመርጡ እመክራለሁ፤ ካህናት አባቶች ሌላ ብዙ ወንበር አለባቸውና።

የውሉን ናሙና በሁለት ገጽ አዘጋጅተን በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል። የትምህርት ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ሆነ ተብሎ ባዶ ተትቷል፤ ከአሠሪው ጋር ተነጋግራችሁ ሙሉት። በክፍያው አንቀጽ ላይ ጥያቄ እንደሚኖራችሁ እገምታለሁ፤ ከዕረፍት በኋላ በእርሱ እንጀምራለን።