«ሲስተሙ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም
ስለ ዳታቤዝ አስተዳዳሪ ክፍሎች ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ምን ምን ክፍሎች እንዳሉት ማስረዳት ነው። ነገሩ የኮምፒዩተር ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ «ሲስተሙ እምቢ አለ» ተብሎ ያልተመለሰ ማን አለ? ሲስተም የተባለው ግን አንድ ድፍን ነገር አይደለም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ተግባር ያላቸው ክፍሎች ስብስብ ነው። ክፍሎቹን ያወቀ ሰው የትኛው እንደ ጎደለ ሊጠይቅ ይችላል።

ለምሳሌ ፖስትግሬስን እንውሰድ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 በበርክሌይ፥ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፥ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ተጀመረ። ዛሬ ማንም ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል፤ ውስጡንም ከፍቶ ያነበዋል። መረጃን በሠንጠረዥ የመያዝን ሐሳብ ግን አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ኤድጋር ኮድ ነው።

እንግዲህ በአንድ ኮርስ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል እንበል፤ ሁለት ተማሪዎችም በአንድ ቅጽበት ለመመዝገብ ጠየቁ።

አንደኛው ክፍል ተርጓሚው ነው። ኤስኪውኤል በተባለው ቋንቋ የተጻፈው ትእዛዝ ሰዋስው መጠበቁን ያያል፤ የተጠሩት ሠንጠረዦች መኖራቸውንም በካታሎጉ ያረጋግጣል። ካታሎግ ማለት ዳታቤዙ ስለ ራሱ የያዘው መዝገብ ነው።

ሁለተኛው ዕቅድ አውጪው ነው። ትእዛዙ የሚፈለገውን ይናገራል እንጂ በምን መንገድ እንደሚገኝ አይናገርም። ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ይቀላል ወይስ በኢንዴክስ በኩል መሄድ? ይህን ዕቅድ አውጪው ወጪውን ገምቶ ይመርጣል፤ አስፈጻሚው ክፍል ደግሞ የጠያቂውን መብት አይቶ ሥራውን ይፈጽማል። ተገቢው ኢንዴክስ ካልተሠራ ሰልፉ ይረዝማል።

ሦስተኛው ማከማቻው ነው። መረጃው በዲስክ ላይ በገጽ በገጽ ይቀመጣል፤ የአንዱም ገጽ መጠን እንደ ተለመደው 8 ኪሎባይት ነው። ዲስክ ከሜሞሪ ይልቅ ዘገምተኛ ስለ ሆነ፥ ቶሎ ቶሎ የሚፈለጉት ገጾች በሜሞሪ ይያዛሉ።

አራተኛው የትራንዛክሽን ጠባቂው ነው። የመጀመሪያው ተማሪ ጥያቄ የኮርሱን ረድፍ ይቈልፋል፤ ሁለተኛው ይጠብቃል። ትእዛዙ «ቦታ ካለ ብቻ ቀንስ» ተብሎ ከተጻፈ፥ ሁለተኛው ተራው ሲደርስ ቦታው እንዳለቀ ያገኛል። ነገር ግን ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ቁጥሩን ሳይቈልፍ አንብቦ ቈይቶ እንዲቀነስ አድርጎ ከሆነ፥ በአንድ ወንበር ሁለት ሰው ሊመዘገብ ይችላል። ይህ የሲስተም ሳይሆን የሰው ጥፋት ነው።

አምስተኛው የለውጥ መዝገቡ ነው። መብራት ቢጠፋስ? አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ለውጡ በሠንጠረዡ ገጽ ላይ ዲስክ ከመድረሱ በፊት በዚህ መዝገብ ይጻፋል፤ «ተመዝግበሃል» የሚለውም መልስ የሚሰጠው ጽሑፉ ዲስክ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። መብራት ሲመለስ አስተዳዳሪው መዝገቡን አንብቦ የተፈጸመውን ያሟላል፤ ያልተፈጸመውን እንዳልነበረ ይቈጥራል። ዲስኩ ራሱ ቢቃጠል ግን የሚያድነን በሌላ ስፍራ የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው፤ ይህም የሰው ኀላፊነት ነው።

ጓደኞቼ፤ ስለዚህ «ስምህ ጠፍቷል» ስንባል ዝም ብለን አንመለስ። ቅጂ ተይዞ ነበርን? መዝገቡን የመለወጥ መብት ለማን ተሰጠ? ብለን በትሕትና እንጠይቅ። ደግሞም ነገ ከመካከላችን ብዙዎች በመስኮቱ ወዲያ እንቀመጣለን። ማሽኑ የታዘዘውን ይጠብቃል እንጂ የገባለት ስም እውነት መሆኑን አያውቅም፤ ያን የሚያውቀው የሚጽፈው ሰው ነው። ያን ጊዜ «ሲስተሙ ነው» የሚለውን ቃል መሸሸጊያ አናድርገው።