ከወርክሺቱ የቀረው ጥያቄ

(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ ከተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «አሥር ደቂቃ አለህ፤ ከተማሪነት ዘመናችን አንድ ነገር አንሳ» ሲሉኝ፣ ስለ ዶርሙና ስለ ላውንጁ የሚያወራ እንደማይጠፋ አውቄ ማንም የማይናፍቀውን መረጥኩ፤ የፐብሊክ ፋይናንስን ወርክሺት።

አስታወሳችሁት? ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ 3 እና 8 የማይለዩበት፣ ለፈተና ዋዜማ አንዱን ቅጂ ለስድስት የተሻማንበት። ከዚያ ውስጥ አንዷ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብራኝ አለች። በቀላል ቁጥር ላስታውሳችሁ።

ወንዝ ዳር የቆዳ ፋብሪካ አለ። ከታች በዚያው ውሃ ጎመን የምታለማ አንዲት ገበሬ አለች። ገዢው የሚከፍለው ዋጋ 100 ሲቀነስ ብዛቱ ነው፤ የፋብሪካው ማርጂናል ኮስት 20 ሲደመር ብዛቱ። እያንዳንዱ ቆዳ በገበሬዋ ላይ የ20 ብር ጉዳት ያደርሳል። ማንም ጣልቃ ካልገባ ፋብሪካው 40 ቆዳ አምርቶ እያንዳንዱን በ60 ብር ይሸጣል። አሁን የጉዳቱን ያህል፣ 20 ብር፣ ታክስ እንጣል። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው የፒጉ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣው መጽሐፉ ያብራራው።

ጥያቄ ኤ፦ ምርቱ ስንት ሆነ? 30።

ጥያቄ ቢ፦ ታክሱን ማን ተሸከመው? ገዢው 70 ብር ይከፍላል፣ ለፋብሪካው 50 ይደርሰዋል። ገንዘቡን ወስዶ ገቢ የሚያደርገው ፋብሪካው ቢሆንም ሸክሙን እኩል ተካፍለውታል።

ጥያቄ ሲ፦ መንግሥት ስንት ሰበሰበ? 30 ጊዜ 20፣ 600 ብር።

ጥያቄ ዲ፦ ኅብረተሰቡ ስንት አተረፈ? በቀሩት 10 ቆዳዎች ምክንያት የ200 ብር ጉዳት ቀረ፤ ባለመመረታቸው ደግሞ የ100 ብር ጥቅም ታጣ። የተጣራው 100 ብር ነው። ሙሉ ማርክ!

ጥያቄ ኢ አልነበረም። ዛሬ እኔ ልጨምረው። 30 ቆዳ አሁንም እየተመረተ ነው። ገበሬዋ ላይ የቀረው ጉዳት ስንት ነው? 600 ብር። መንግሥት የሰበሰበውስ? 600 ብር። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ግን ግምጃ ቤት ገባ፣ ጉዳቱ ማሳዋ ላይ ቀረ። ቲዎሪው አልተሳሳተም፤ ምርቱን ወደ ልኩ ለመመለስ ገበሬዋን መካስ ግድ አይለውም። የቲዎሪው ልክነት ግን ለእሷ እራት አይሆናትም።

ይህን ያስተማረኝ ክፍል አይደለም። ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ስብሰባ ላይ ሠንጠረዥ ይዤ ቀረብኩ። ከአንድ ፋብሪካ የሚገኘው ታክስ፣ የሚቀጠረው ሰው፣ የውጭ ምንዛሪው፣ ሁሉም እስከ ሳንቲሙ ተሞልቷል። «በአካባቢ ላይ የሚደርስ ጉዳት» በሚለው ዓምድ ግን የለካው ስለሌለ ሰረዝ አደረግሁ። ሰረዝ ሲደመር ዜሮ ነው። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይቺ ሰረዝ ምንድን ናት?»

«መረጃ አልተገኘም ማለት ነው፣ አባቴ።»

«እኛ'ኮ እዚሁ ነን። ማን መጥቶ ጠየቀን?»

መልስ አልነበረኝም። ሠንጠረዡም እንዳለ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሪፖርት ጽፌያለሁ፤ እንደዚያች ሰረዝ የከበደችኝ የለችም።

ጓደኞቼ፣ ወርክሺቱ ላይ 20 ብሯ «ጊቭን» ነበረች። ከግቢ ስንወጣ ጊቭን የሚባል ነገር የለም፤ ሥራው ራሱ 20ዋን ፈልጎ ማግኘት ነው። በ1995 ዓ.ም. የ15 በመቶው ቫት ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጣ፤ የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ቫቱ ደረሰኝ አለው፣ ማሽን አለው፣ ተቆጣጣሪ አለው። ማኪያቶ ጠጥተን ስንወጣ እንኳ እናገኘዋለን። ለወንዝ ግን ደረሰኝ የሚቆርጥለት ማን ነው?

«ታክስ ምን ያደርጋል፣ ይደራደሩ» የምትሉ የኮዝ ደጋፊዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ድሮም ትከራከሩን ነበር። ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጽሑፍ መብቱ የማን እንደሆነ ከታወቀና መደራደሩ ብዙ ወጪ ከሌለው ሰዎች ራሳቸው ሊስማሙ እንደሚችሉ አሳይቷል። እስቲ አቃቂን አስቡት። ትልቁም ትንሹም አቃቂ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። ከላይ ፋብሪካው፣ ጋራዡ፣ የኔና የእናንተ ቤት ፍሳሽ አለ። ከታች በዚያ ውሃ አትክልት የሚያለማ ብዙ ገበሬ አለ። ማን ከማን ጋር ይደራደር? ጎመኑም ተመልሶ ወደኛው ገበያ ይመጣል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ በጀት የሚያዘጋጅ፣ ታክስ የሚሰበስብ፣ ፋብሪካ የሚመራ፣ የሚያስተምርም አለ። የምታስተምሩ፣ እባካችሁ ጥያቄ ኢን ወርክሺቱ ላይ ጨምሩልን። ሠንጠረዥ የምትሠሩ፣ ሰረዝ አትደምሩ፤ «አልተለካም» ብላችሁ በፊደል ጻፉት፤ ፈራሚው አንብቦት ይፈርም። ማኅበራችንን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን፦ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚህ ጉዳይ ላይ ለሚሠሩ ተማሪዎች የትራንስፖርትና የውሃ ናሙና ማስመርመሪያ ወጪያቸውን እንቻል። የእኔን መዋጮ ዛሬ ለገንዘብ ያዡ ሰጥቻለሁ፤ ደረሰኝም ተቀብያለሁ።

እኚያን አዛውንት ዳግም አላገኘኋቸውም። ጥያቄያቸውን ግን ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ ይኸው፣ ለእናንተም ደረሰ።