ሰውን አይቶ መሣልና ሥዕልን ማንቀሳቀስ
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ላሰማችሁ ያሰብሁት፣ ሰውን ፊት ለፊት አቁሞ እያዩ የመሣል ትምህርት፣ ሥዕልን በኮምፒዩተር የማንቀሳቀስ ጥበብ ለሚማር ወጣት ምን እንደሚጠቅመው ነው። ይህን ነገር ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። «ኮምፒዩተሩ ሁሉን የሚሠራልኝ ከሆነ በእርሳስና በከሰል ለምን እደክማለሁ?» የሚል ተማሪ አይታጣም። ወላጅም ልጁ አኒሜሽን ሊማር ገብቶ ወረቀት በከሰል ሲያጠቁር ባየው ጊዜ፣ ገንዘቡ በከንቱ የፈሰሰ ይመስለዋል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና መልሱን በጥሞና እንመርምረው።

አኒሜሽን ማለት በመሠረቱ የማይንቀሳቀሱ ሥዕሎችን በፍጥነት በማከታተል፣ ዐይን እንቅስቃሴ ያየ እንዲመስለው የማድረግ ጥበብ ነው። በሲኒማ በ1 ሰከንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ። በእጅ ሲሣል አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ እንዲታይ ስለሚደረግ፣ ለ1 ሰከንድ 12፣ ለ1 ደቂቃም 720 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ። ኮምፒዩተር ከዚህ ድካም ብዙውን አቃሎታል። ሠሪው የእንቅስቃሴውን ቁልፍ አቋቋሞች፣ ይኸውም መነሻውንና መድረሻውን ሲያዘጋጅ፣ በመካከል ያለውን መሣሪያው ራሱ አስልቶ ይሞላዋል። ነገር ግን በዚህ አሠራር መሣሪያው የሚያሰላው ርቀትንና ጊዜን ነው እንጂ ክብደትንና ስሜትን አይደለም። የሚራመደው ሰው ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ፣ ደክሞት ይሁን ደስ ብሎት፣ መሣሪያው አያውቅም። ያን የሚያውቀው ሠሪው ነው፤ ሠሪውም የሚያውቀው አስቀድሞ አይቶ የተማረው እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ይህን እውነት የሙያው ታሪክ ይመሰክርልናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ዋልት ዲስኒ በሎስ አንጀለስ በነበረው ስቱዲዮው ለሚሠሩ ሠዓሊዎች፣ ማታ ማታ የሥዕል ትምህርት እንዲሰጥ ዶን ግራሃም የሚባለውን የሹናርድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር አመጣ። እነዚያ ሠዓሊዎች በሙያቸው ደመወዝ የሚያገኙ እንጂ ጀማሪዎች አልነበሩም። ሆኖም ቀን ሲሠሩ የዋሉት ሰዎች ማታ ተመልሰው በሞዴል ፊት እንደ ተማሪ ተቀመጡ። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ሰውን የሚመስሉ ባለታሪኮች ያሉበት «ስኖው ኋይት» የተባለው ረጅም ፊልም ለሕዝብ ታየ። ኮምፒዩተር ከመጣም በኋላ፣ በ1987፣ ጆን ላሴተር በእጅ ሥዕል ዘመን የተገኙት የአኒሜሽን መመሪያዎች ለኮምፒዩተርም እንደሚያገለግሉ በጽሑፍ አስረዳ። እርሱ ያዘጋጀው «ቶይ ስቶሪ»፣ በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ሆኖ በ1995 ወጣ። መሣሪያው ተለወጠ፤ የሚፈለገው ዕውቀት ግን አልተለወጠም።

አሁን ደግሞ የተማሪው ዕድገት በምን በምን ደረጃ እንደሚመጣ እንመልከት። ጀማሪ ተማሪ የሚሥለው የሚያየውን ሳይሆን አውቀዋለሁ የሚለውን ነው። ከራስ ጀምሮ ቅንድብና ከንፈር ሲያሳምር ሰዓቱ ያልቅበትና ሰውየው እግር የሌለው ሆኖ ይቀራል፤ እግር ቢኖረውም መሬት አይረግጥም። ስለዚህ መምህሩ ሞዴሉ በየ30 ሰከንዱ ወይም በየ1 ደቂቃው አቋቋሙን እንዲለውጥ ያደርጋል። በዚህን ያህል ጊዜ ቅንድብ ለማሳመር ፋታ የለምና ተማሪው ከራስ እስከ እግር የሚወርደውን ዋና መሥመር ለመያዝ ይገደዳል።

ቀጥሎ ክብደትን ማየት ይማራል። ሰው ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ጥሎ ዘና ብሎ ሲቆም፣ በዚያው እግር በኩል ዳሌው ከፍ፣ ትከሻው ዝቅ ይላል። ከአንገቱ ሥር ካለው ጎድጓዳ ስፍራ ቱምቢ ቢወርድ ክሩ ክብደቱን ወደ ተሸከመው እግር ያመራል። ይህን የተረዳ ተማሪ ሥዕሉ ለምን የሚወድቅ እንደሚመስል ሌላ ሰው ሳይነግረው ራሱ ያገኘዋል። ወደ መንገድ ሲወጣም ይኸንኑ ያያል። እንስራ ያዘለች ሴት ወደ ፊት የምታዘነብለው፣ በአንድ እጁ ውሃ የሞላ ባልዲ የያዘ ልጅም ወደ ሌላው ጎን የሚጋደለው ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ነው።

ይህን ዕውቀት ይዞ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲመጣ የመጀመሪያ ፈተናው የምትነጥር ኳስ ናት። በምስሎቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ እኩል ከሆነ ኳሷ በክር የተንጠለጠለች ትመስላለች። ከፍታዋ ላይ ስትደርስ ምስሎቹ እንዲቀራረቡ፣ ወደ መሬት ስትወርድ እንዲራራቁ ሲያደርግ ግን ክብደት ታገኛለች። ከዚያ የሰው አረማመድ ይከተላል። እግር መሬት ነክቶ ክብደት ሲቀበል ገላ ዝቅ ይላል፤ ሁለተኛው እግር በአጠገቡ ሲያልፍ ከፍ ይላል። ይህ ካልተጠበቀ ባለታሪኩ የሚራመድ ሳይሆን የሚንሸራተት ይመስላል። ከሕያው ሰው ሲሥል የቆየ ተማሪ ጉድለቱ ከዳሌ ይሁን ከጉልበት ለይቶ ያርመዋል። ያልሣለው ግን «አንድ ነገር ጎድሎታል» ከማለት አልፎ የጎደለውን ለማመልከት ይቸገራል።

ዛሬ ደግሞ በቃል ሲታዘዙ ሥዕልና ተንቀሳቃሽ ምስል የሚያወጡ መሣሪያዎች መጥተዋልና የተማሪው ጥርጣሬ ቢበረታ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ መሣሪያው ያወጣው ሥራ ትክክል መሆኑን ማን ይፈርዳል? ዐይኑን ያላስተማረ ሰው የተሰጠውን ሁሉ ይቀበላል፤ የሚቀበል ብቻ የሆነም ለሥራው ጌታ ሳይሆን ተላላኪ ይሆናል። ወጣቱ በከሰል የሚደክመው ይህን የመፍረድ ሥልጣን ላለማጣት ነው።

ስለ ሞዴሉም አንድ ቃል ልጨምር። በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች መገጣጠሚያና ጡንቻ በግልጽ እንዲታይ ሞዴሉ ልብሱን አውልቆ ይቆማል፤ ይህ በማይፈቀድበት ቦታ ከገላ ጋር የሚጣበቅ ልብስ ይለበሳል። በሁለቱም ዘንድ መሠረቱ አክብሮት ነው፤ መንካት፣ መሣቅ፣ ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር ነው። ሳይንቀሳቀሱ መቆም ከባድ ሥራ ስለሆነ ተማሪው ለሚያስተምረው ገላ ምስጋና አለበት።

በአገራችን በቺካጎ የተማሩት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። እንግዲህ አኒሜሽን የሚመኝ የአገራችን ወጣት በባዶ ሜዳ ላይ አይጀምርም። ትምህርት ቤት ያልገባውም ቢሆን ከቤተ ሰቡ አንዱን አስፈቅዶ በየቀኑ ጥቂት ፈጣን ንድፎችን ለመሣል እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል።

ለወላጆች የምሰጠው ምክር ይህ ነው፦ የልጃችሁን ሥዕል ከታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ ጋር አታስተያዩት፤ ከራሱ ያለፈ ዓመት ሥራ ጋር አስተያዩት። ተማሪውም በየወረቀቱ ቀን ይጻፍበት፤ የከፋውንም አይቅደደው። ዕድገት ከቀን ወደ ቀን አይታይም፤ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ይናገራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ አበው፣ ዛሬ መሬት ያልረገጠው ሥዕል በትዕግሥት ሲሠሩበት ነገ ተነሥቶ ይራመዳል።