ስክሪኑን የሰበረው ማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትልቅ ጉዳይ እንድንናገር ትጠብቁን ይሆናል። እኛ የመረጥነው ግን ስለ አንድ የተሰበረ ስክሪን ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ወዳጆችን አለያይቷልና ታግሣችሁ እንድትሰሙን እንለምናለን።

ሰባት ሆነን በአቦከር ማታ ማታ አብረን እናጠና ነበር። ከውጭ አገር በስጦታ የተላከልንን አንድ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ በተራ እንወስድ ነበር። አንድ ቀን ጧት ዕቃው ከቦርሳ ሲወጣ የስክሪኑ ግማሽ በጥቁር መሥመር ተሸፍኖ ተገኘ። ከላይ ሲዳሰስ ግን ጭረት እንኳ አልነበረውም። ያደረው ከሁላችን ታናሽ ዘንድ ነበርና «ጥለኸዋል፤ ክፈል» አልነው። እርሱም አልጣልኩም ብሎ ማለ፤ አላመንነውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከጥናታችን ቀረ።

በኋላ ስንመረምር የተረዳነው ይህ ነው። በብዙዎቹ ማንበቢያዎች ከላይኛው ፕላስቲክ ሥር እጅግ ስስ የሆነ መስተዋት አለ። ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ እያንቀሳቀሰ ፊደሉን የሚያሳየው በዚህ መስተዋት ላይ የተዘረጋው ሽቦ ነው። ቦርሳው ሲጫነው ወይም ሲጠመዘዝ ፕላስቲኩ ጐብጦ ይመለሳል፤ መስተዋቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሻጭ «ተጭናችሁት ነው»፥ ገዢ «አልጣልነውም» ብለው ሲከራከሩ፥ የሁለቱም ቃል እውነት ሊሆን ይችላል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ወርልድሪደር የተባለው ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ በጋና ለተማሪዎች ኪንድል ባደለ ጊዜ፥ በመጀመሪያው ሙከራ ከመቶ 40 ያህሉ ተሰብረው ነበር። ዛሬ በመስተዋት ፈንታ ፕላስቲክ የገባባቸው ስክሪኖችም አሉ፤ ሆኖም ከጥንቃቄ የሚያድን ስክሪን አልተሠራም።

የሐረር ልጅ ይህን ከሩቅ መማር አያሻውም። በ1855 ከተማችንን የጐበኘው እንግሊዛዊው በርተን፥ በመጽሐፍ ጥረዛ ጥንካሬና ውበት ከፋርስ በቀር የሐረርን ሰዎች የሚበልጥ የምሥራቅ አገር እንደሌለ መስክሯል። አባቶቻችን ወረቀት ደካማ መሆኑን ስላወቁ ቆዳ አለበሱት እንጂ፥ ሲቀደድ ማን ቀደደው እያሉ አልተጣሉም።

እኛም ከእንግዲህ ማንበቢያን በጠንካራ ሽፋን እንያዝ፤ ከከባድ መጻሕፍት ጋር አንጨቀው፤ ስንረካከብም ስክሪኑን አብርተን ሁለታችንም እንየው።

የቀረን አንድ ነገር ነው። ያን ዕለት ማታ የታናሻችንን ቦርሳ ትራስ አድርገን የተደገፍንበት እኛው ነበርን፤ ይህንም ያስታወስነው ከፈረድንበት በኋላ ነው። ወንድማችን ሆይ፥ በወላጆችህና በመምህራኖቻችን ፊት ይቅርታ እንጠይቅሃለን። ዋጋውን ስድስታችን እናዋጣለን፤ አንተ ግን ወደ ጥናታችን ተመለስ።